ማኅበራዊ መረቦችና ወጣቶቻችን፦ ጥቅማቸው፣ አደጋቸውና የእኛ ድርሻ

በአገልግሎት ዘመኔ ከወላጆች በብዛት የምሰማው ጥያቄ ተለውጧል። ቀድሞ "ልጄ ከቤት ሲወጣ ከማን ጋር እንደሚውል አላውቅም" ይሉኝ ነበር። ዛሬ ልጁ ቤት ውስጥ፣ እናቱ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ እናቲቱ "ፓስተር፣ ከማን ጋር እንደሚውል አላውቅም፤ ስልኩን ልቀማው ወይስ ልተወው?" ትለኛለች።

ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ ምላሽ እንዲሆን የተዘጋጀ ነው። ማኅበራዊ መረብ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚጠቅም፣ በምን በኩል እንደሚጎዳ፣ ጉዳት ሲደርስም ምን መደረግ እንዳለበት በቅደም ተከተል እንመለከታለን። ፍሬ ሐሳቡን ግን አስቀድሜ ልናገር። በመረቡ ላይ ክፉ ነገር የማይገጥመው ወጣት ጥቂት ነው። ልዩነቱ የሚታየው ክፉው ከገጠመው በኋላ ነው። አንዱ ወደ ቤቱ ሮጦ ይናገራል፤ ሌላው ይደብቃል። የደበቀው ነው የሚጠፋው። አባቶቻችን "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ያሉት ለዚህም ይሠራል።

1. ማኅበራዊ መረብ ምንድን ነው?

ማኅበራዊ መረብ ሰዎች በኢንተርኔት የራሳቸውን ገጽ ከፍተው ጽሑፍ፣ ፎቶ፣ ድምፅና ቪዲዮ የሚለዋወጡበት፣ የሚያውቁትንም የማያውቁትንም ሰው የሚያገኙበት አገልግሎት ነው። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የነበረው ሲክስ ዲግሪስ እ.ኤ.አ. በ1997 ተጀመረ። ፌስቡክ በ2004 ለሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተከፈተ፤ በመስከረም 2006 ደግሞ ዕድሜው 13 ዓመት ለሞላው ሁሉ በሩን ከፈተ። ዩቲዩብ በ2005፣ ዛሬ ኤክስ የሚባለው ትዊተር በ2006፣ ዋትስአፕ በ2009፣ ኢንስታግራም በ2010፣ ቴሌግራም በ2013 መጡ። ቲክቶክ ከቻይና ውጭ መሠራጨት የጀመረው በ2017 ነው።

ብዙ ወላጆች "13 ዓመት" የሚለውን ቁጥር ሲያዩ፣ አዋቂዎች መርምረው ልጅ ለዚህ የሚደርስበት ዕድሜ ነው ብለው የወሰኑት ይመስላቸዋል። እንዲያ አይደለም። ቁጥሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ከወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ ሕጉ ኩባንያዎች ከ13 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ የግል መረጃ እንዳይሰበስቡ ይከለክላል። ስለ መረጃ የወጣ ሕግ እንጂ ስለ ልጁ ብስለት የወጣ አይደለም። አውስትራሊያ በ2024 ባወጣችው ሕግ ዕድሜውን ወደ 16 ከፍ አድርጋለች፤ ሕጉም ከታኅሣሥ 10 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል።

ቀጥሎ ማወቅ ያለብን የገንዘቡን መንገድ ነው። አብዛኞቹ መረቦች ለተጠቃሚው በነጻ ይቀርባሉ፤ ገቢያቸው ከማስታወቂያ ነው። ሰው ገጹ ላይ በቆየ ቁጥር ብዙ ማስታወቂያ ያያል። ስለዚህ ሰውን የሚያቆዩ ነገሮች ተሠሩ። ወደ ታች ሲሳብ መጨረሻ የሌለው ገጽ፣ በ2009 ፌስቡክ ላይ የተጨመረው "ላይክ"፣ በየደቂቃው የሚደወለው ማሳወቂያ፣ ተጠቃሚው ምን ላይ እንደቆየ እየቆጠረ የሚመሳሰለውን የሚያቀርበው የኮምፒውተር ስሌት፣ ሁሉም ለዚህ ያገለግላሉ። የፌስቡክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የነበረው ሾን ፓርከር በ2017 በሰጠው ቃለ መጠይቅ፣ ሲሠሩት ያሰቡት የሰውን ጊዜና ትኩረት እንዴት አብዝተን እንውሰድ ብለው እንደነበር በግልጽ ተናግሯል።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ልጃችሁ ስልኩን ማስቀመጥ ሲያቅተው "ሰነፍ ነው" ከማለት ያድናችኋል። ከፊቱ የቆመው ጎበዝ ባለሙያዎች እንዳይነሣ አድርገው የሠሩት ነገር ነው። እኛ ትልልቆቹስ ከአልጋ ሳንወርድ ስልኩን እናነሣ የለም?

2. ጥቅሞቹ

አደጋውን ብቻ የሚናገር ሰው በወጣቶች ዘንድ አይሰማም፤ ጥቅሙን በየቀኑ ያዩታልና። እኛም በእውነት ልንናገረው ይገባል።

ሀ. ቤተሰብን ያገናኛል። በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እናት ልጇ ሲያድግ የምታየው በኢሞና በዋትስአፕ ነው። በዋሽንግተን የሚኖሩ የልጅ ልጆች አዲስ አበባ ያሉ አያታቸውን ፊት ለፊት እያዩ "እንደምን አደሩ አያቴ" ይላሉ። ቀድሞ በካሴት ድምፅ ቀርጸን፣ መንገደኛ ፈልገን እንልክ የነበርን ይህ ምን ያህል በረከት እንደሆነ እናውቃለን።

ለ. ለትምህርት ይረዳል። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የመለማመጃ ጥያቄና መጽሐፍ በቴሌግራም ይለዋወጣሉ። መምህር ያላገኘ ተማሪ የሒሳቡን ትምህርት በዩቲዩብ ደጋግሞ ያያል። መስማት የተሳናቸው ወጣቶች በምልክት ቋንቋ በቪዲዮ ይነጋገራሉ።

ሐ. ለኅብረት ይጠቅማል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉና መሰብሰብ ሲከለከል፣ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ስብከትና ጸሎት ያካሄዱት በቴሌቪዥንና በእነዚሁ መረቦች ነበር። አማርኛ ጉባኤ በሌለበት ከተማ የሚኖር ስደተኛ ዛሬም የቃሉን ትምህርት የሚያገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

መ. ለሥራ ይረዳል። ልብስ የምትሰፋ፣ ኬክ የምትጋግር፣ ፎቶ የሚያነሣ ወጣት ሱቅ ሳይከራይ ደንበኛ ያገኛል።

ሠ. ብቸኛ ለሆነው ጓደኛ ያስገኛል። በሰፈሩ እንደ እርሱ ያለ ሰው ያጣ፣ ሕመም ያለበት ወይም በባዕድ አገር ያደገ ልጅ የሚረዳው ሰው ሊያገኝ ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ የሕክምና ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ቪቬክ መርቲ በግንቦት 2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ማሳሰቢያ አደጋውን ሲያስጠነቅቁ ይህን ጥቅምም አልካዱም።

3. አደጋዎቹ

ሀ. ጊዜና እንቅልፍ

ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንዳለበት የእንቅልፍ ሐኪሞች ይመክራሉ። ስልክ ትራስ ሥር ካደረ ይህ አይሆንም። ከላይ የጠቀስነው የ2023 ማሳሰቢያ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ በማኅበራዊ መረብ የሚያሳልፉ ታዳጊዎች የጭንቀትና የድብርት ምልክቶችን የመሳሰሉ የአእምሮ ጤና ችግሮች የሚገጥሟቸው በእጥፍ መሆኑን ይጠቅሳል። ይህ ማለት መረቡ ብቻውን በሽታውን ያመጣል ማለት አይደለም፤ ያዘነም ልጅ ወደ ስልኩ ይሸሻልና። ሁለቱ አብረው ሲታዩ ግን ንቁ ልንሆን ይገባል። ሐዋርያው በኤፌ. 5፥16 ዘመኑን እንድንዋጅ ሲያሳስበን፣ ጊዜ ካልጠበቁት የሚወሰድ ሀብት መሆኑን ያስተምረናል።

ለ. ራስን ከሌላው ጋር ማነጻጸር

በመረቡ ላይ ሰው የሚያሳየው የተመረጠውን ቀን፣ የተስተካከለውን ፎቶ ነው። ልጃችን የራሷን የዘወትር መልክ ከሌላዋ የሠርግ ቀን መልክ ጋር ታነጻጽራለች። በ2021 ፍራንሲስ ሆገን የተባለች የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ይፋ ባደረገቻቸው የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች ላይ፣ ስለ ሰውነታቸው መጥፎ ስሜት ከነበራቸው ታዳጊ ሴቶች መካከል 32 በመቶው ኢንስታግራም ስሜታቸውን እንዳባሰው መናገራቸው ተጽፎ ነበር። ሰው ፊትን እግዚአብሔር ግን ልብን እንደሚያይ ከ1ኛ ሳሙ. 16፥7 ብዙ ጊዜ ሰብከናል። ነገር ግን ሴት ልጃችንን በቤታችን "ወፈርሽ፣ ጠቆርሽ" እያልን ከሆነ፣ ስብከቱን ያፈረስነው እኛው ነን።

ሐ. ሐሰተኛ ወሬና ጥላቻ

ይህ አደጋ ለአገራችን የቅርብ ቁስል ነው። በኅዳር 2021 (እ.ኤ.አ.) አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ስማቸውና ፎቶአቸው በፌስቡክ ላይ ከሚያነሣሣ ውንጀላ ጋር ከተሠራጨ በኋላ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸውም በታኅሣሥ 2022 በኬንያ ፍርድ ቤት የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ ከሰሰ። ያን ጽሑፍ "ሼር" ያደረገ ሁሉ ድንጋይ አልወረወረም፤ ጣቱን ብቻ አነሣ። ዘጸ. 23፥1 ሐሰተኛ ወሬ እንዳንቀበል ያዝዛል፤ ምሳሌ 18፥17 ደግሞ አስቀድሞ የተናገረ ሁልጊዜ እውነተኛ እንደሚመስልና ሌላው መጥቶ ሲመረምረው ነገሩ እንደሚገለጥ ያስተምራል። ወጣቶቻችን ስለ ብሔር፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ሰው ስም የሚመጣ ነገር ሲደርሳቸው ከማስተላለፋቸው በፊት አንድ ሌሊት እንዲያሳድሩት እናስተምራቸው። በሕግም በኩል በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ማሠራጨት ወንጀል አድርጎታል።

መ. አጭበርባሪዎች

በጓደኛ ስም "የደረሰህን ኮድ ላክልኝ" የሚል መልእክት ይመጣል፤ ኮዱ ሲላክ የልጁ ቴሌግራም ይወሰዳል፤ ከዚያም በእርሱ ስም ከዘመዶቹ ብድር ይጠየቃል። በታወቁ አገልጋዮች ስምና ፎቶ የተከፈቱ ሐሰተኛ ገጾች "ለጸሎት ይህን ያህል ላኩ" ይላሉ። ከሁሉ የከፋው የሐሰት የሥራ ማስታወቂያ ነው። በ2025 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በታይላንድና በምያንማር ድንበር ከነበሩ የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ካምፖች ከወጡት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ነበሩ። ጥሩ ደመወዝ ያለው የቢሮ ሥራ ተብሎ በተስፋ ተወስደው፣ በግዳጅ ሰውን ሲያታልሉ የነበሩ ናቸው።

ሠ. በፎቶ ማስፈራራት

ስለዚህ በጉባኤ መናገር እናፍራለን። በዝምታችን ግን ልጆች እየሞቱ ነው። ዘዴው እንዲህ ነው። የማይታወቅ ሰው፣ ብዙ ጊዜ በቆንጆ ልጃገረድ ወይም በወጣት ፎቶ ተሸፍኖ ወዳጅነት ይጀምራል። በቀናት ምናልባትም በሰዓታት ውስጥ ወሬው ወደ ግል ጉዳይ ይገባል፤ የራሱ የመሰለ እርቃን ፎቶ ይልክና በምላሹ የልጁን ይጠይቃል። ፎቶው እንደተላከ ፊቱ ይለወጣል፦ "ገንዘብ ካላክህ ለእናትህ፣ ለትምህርት ቤትህ፣ ለቤተ ክርስቲያንህ እልከዋለሁ።" የጓደኞቹን ዝርዝር አስቀድሞ ይዞታል።

የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በታኅሣሥ 2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በአንድ ዓመት ጊዜ ከ7,000 በላይ ጥቆማ እንደደረሰ፣ ቢያንስ 3,000 ልጆች ሰለባ እንደሆኑ፣ አብዛኞቹ ወንዶች መሆናቸውንና ከደርዘን በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን እንዳጠፉ አስታውቋል። ወንዶች መሆናቸውን ልብ በሉ፤ እኛ የምንሠጋው ለሴቶች ልጆቻችን ብቻ ነውና።

የአስፈራሪው ኃይል ከምን ይመጣል? ከፎቶው ይልቅ ከእፍረቱ ነው። ልጁ "አባቴ ይህን ከሚሰማ ብሞት ይሻላል" ብሎ እስካመነ ድረስ አስፈራሪው ያዘዘውን ሁሉ ያደርጋል። አባቱ ባወቀ ሰዓት ግን መሣሪያው ከእጁ ይወድቃል።

4. እኔ የተሳሳትሁት

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርሁትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናገለግልበት ጉባኤ የ16 ዓመት ልጅ ከመዘምራን ልምምድ መቅረት ጀመረ። እናቱ ከቦርሳዋ ገንዘብ ሲጠፋ ልጁን ጠርጥራ ወደ ቢሮዬ አመጣችው። ስጠይቀው ብዙ ቆይቶ ስልኩን ሰጠኝ። ለማያውቀው ሰው ፎቶ ልኮ ነበር፤ ለሦስት ሳምንት የሞባይል ካርድ እየገዛ ቁጥሩን ሲልክለት ቆይቷል።

ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል "አንተ መዘምር ሆነህ እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ?" የሚል ነበር። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ሌላ ቃል አልተናገረም። ትክክለኛ ነገር የተናገርሁ መስሎኝ ጸልዬ አሰናበትሁት። ለሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣም፤ ለአስፈራሪውም መክፈሉን ቀጠለ። በመጨረሻ የወጣቶች አገልጋይ የሆነች አንዲት እህት ቤቱ ሄደች። ከእናቱ ጋር ቡና ጠጥታ፣ ከእርሱም ጋር ስለ ትምህርት አውርታ ልትነሣ ስትል "ያ ሰው አሁንም ይጽፍልሃል?" ብላ ጠየቀችው። ያን ጊዜ ልጁ አለቀሰ። እኔ በቢሮዬ የዘጋሁትን በር እርሷ በአንድ ጥያቄ ከፈተችው።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ መክፈል አቆመ። አስፈራሪው እንደዛተው ፎቶውን ለሁለት የመዘምራን አባላት ላከ። ሁለቱም አጥፍተው ዝም አሉ፤ አንደኛው ደውሎ "ቅዳሜ ልምምድ አለ፣ ና" አለው። ነገሩ በዚያ አበቃ። ዛሬ ልጁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ታሪኩን ስሙን ሳልጠራ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። እኔም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ዘፍ. 3ን ሳነብ የሚያቆመኝ ነገር አለ። አዳም ዕርቃኑን መሆኑን አውቆ በዛፎች መካከል ተደበቀ። እግዚአብሔርም ሲመጣ የመጀመሪያው ቃሉ የት እንዳለ መጠየቅ ነበር። ያደረገውን አላወቀም ማለት አይደለም፤ ፍርዱም ኋላ መጥቷል። አስቀድሞ ግን ከተደበቀበት ጠራው። ገላ. 6፥1ም በበደል የተገኘውን ሰው በየዋህነት መንፈስ እንድናቀና ያዝዛል። ተግሣጽ ጊዜ አለው፤ ጊዜው ግን ልጁ በአስፈራሪ እጅ እያለ አይደለም።

5. ጉዳት ሲደርስ ምን ይደረግ?

ይህን ክፍል ወላጆችም ወጣቶችም እንድታስቀምጡት እለምናለሁ።

1ኛ. ገንዘብ አትክፈሉ፤ ተጨማሪ ፎቶም አይላክ። የከፈለ ሰው ደግሞ ይጠየቃል።

2ኛ. መልስ መስጠት ይቁም፤ ነገር ግን ንግግሩን አታጥፉት። የአስፈራሪውን የገጽ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የዛተበትን መልእክትና ገንዘብ የጠየቀበትን መንገድ በስክሪን ፎቶ አስቀሩ። ከዚያ በኋላ ለመረቡ "ሪፖርት" አድርጉ፤ ገጹንም ዝጉበት።

3ኛ. የልጁን እርቃን ፎቶ "ለማስረጃ" ብላችሁ ለማንም አትላኩ፤ ለፓስተርም፣ ለአጎትም። ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ እንዲህ ያለ ምስል ማሠራጨት ራሱ ወንጀል ነው።

4ኛ. ለፖሊስ አመልክቱ። በኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በምስል ማስፈራራትንና የሕፃናትን የወሲብ ምስል ማሠራጨትን በወንጀል ያስቀጣል። በውጭ አገር ያላችሁም ለአካባቢያችሁ ፖሊስ አመልክቱ፤ ሰለባ የሆነ ልጅ ወንጀለኛ ተደርጎ ይታያል ብላችሁ አትፍሩ።

5ኛ. ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ለተነሣ ፎቶ፣ የአሜሪካ የጠፉና የተበደሉ ልጆች ብሔራዊ ማዕከል በ2023 የከፈተው "ቴክ ኢት ዳውን" የተባለ ነጻ አገልግሎት አለ። ፎቶው ከስልካችሁ ሳይወጣ፣ የእርሱ መለያ ቁጥር ብቻ ተወስዶ አባል ለሆኑ መረቦች ይሰጣል፤ እነርሱም ምስሉ በገጻቸው ላይ ከተገኘ ያነሡታል። ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑት ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው "ስቶፕ ኤን ሲ አይ አይ" ይባላል።

6ኛ. ልጁ ስለ ሞት ከተናገረ ወይም ተስፋ የመቁረጥ ምልክት ካያችሁ ለአንድ ሰዓትም ብቻውን አትተዉት። ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። በአሜሪካ ያላችሁ በ988 መደወል ትችላላችሁ። ጸሎትና ሐኪም አይጣሉም፤ ሁለቱንም ያዙ።

6. ጉዳት ከመድረሱ በፊት

ለወላጆች፦

- ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የገጹን የጥበቃ ምርጫዎች ክፈቱ። ገጹ ለሚያውቃቸው ብቻ የሚታይ ይሁን። ኢንስታግራም ከመስከረም 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታዳጊዎችን ገጽ ከመነሻው ዝግ የሚያደርግ ሥርዓት ማምጣቱን ገልጿል፤ ቲክቶክም ከ2021 ጀምሮ ከ13 እስከ 15 ዓመት ላሉት እንዲሁ አድርጓል። ነገር ግን ልጁ የልደት ዘመኑን ዋሽቶ ከገባ ይህ ጥበቃ አይሠራለትም። ስለዚህ በገጹ ላይ የሰፈረውን ዕድሜ ተመልከቱ።

- በቴሌግራም ማንም እንዳሻው ወደ ቡድን እንዳያስገባው ምርጫውን ለሚያውቃቸው ብቻ አድርጉ፤ ሁለተኛ የይለፍ ቃልም ጨምሩ።

- ስልኮች ሁሉ፣ የእናንተም ጭምር፣ ሌሊት ሳሎን ይደሩ። ራሱ የማይጠብቀውን ሕግ የሚያወጣ አባት ልጁን ያስቆጣዋል፤ ኤፌ. 6፥4 ደግሞ ይህን ይከለክላል።

- ይህን ቃል ለልጃችሁ ዛሬ ንገሩት፦ "ምንም ነገር ቢደርስብህ፣ ጥፋቱ የአንተ ቢሆን እንኳ፣ ለእኔ ስትነግረኝ መጀመሪያ እረዳሃለሁ፤ ሌላውን በኋላ እንነጋገራለን።" ችግሩ ከመጣ በኋላ የተነገረ ይህ ቃል እንደ ማባበያ ይቆጠራል። አስቀድሞ የተነገረ ግን በጨነቀው ሰዓት ይታወሰዋል።

በባዕድ አገር ልጆች የምታሳድጉ፣ የእናንተ ተጨማሪ ፈተና ቋንቋ ነው። ልጃችሁ በመረቡ ላይ የሚኖረው በእንግሊዝኛ ወይም በሌላ ቋንቋ፣ የሚገሠጸው በአማርኛ ነው። ስለ ጭንቀቱ የሚናገርበት አማርኛ ላይኖረው ይችላል። በፈለገው ቋንቋ ይናገር፤ አዳምጡት።

ለቤተ ክርስቲያን መሪዎች፦

በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ለወጣቶችና ለወላጆች በዚህ ጉዳይ ግልጽ ትምህርት ይሰጥ። ወጣቶች በምሥጢር የሚያናግሯቸው የታመኑ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ወንድምና አንዲት እህት፣ ይመደቡ፤ ስማቸውም በጉባኤ ይነገር። የሰው ፎቶ የደረሰው የጉባኤው አባል ያለ ማስተላለፍ እንዲያጠፋ አስተምሩ። ነገሩን "ለጸሎት" ብሎ ለሌላ መናገርም ማሠራጨት ነው። ያን ልጅ ያዳኑት ሁለቱ መዘምራን አጥፍተው ዝም በማለታቸው ነው።

ለወጣቶች፦

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮ. 6፥12 የተፈቀደ ሁሉ እንደማይጠቅም፣ በምንም ነገርም ባሪያ ላለመሆን መቁረጡን ጽፏል። ስልክህን በቀን ስንት ሰዓት እንደያዝህ ስልኩ ራሱ ይነግርሃል፤ ዛሬ ተመልከተው። በአካል አግኝተህ የማታውቀውን ሰው ጓደኛ ብለህ አትጥራው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስምና፣ በአደባባይ እንዲታይ የማትፈልገውን ፎቶ ለማንም አትላክ፤ ለምትወደውም። ልከህ ከሆነ ደግሞ ሕይወትህ አላበቃም። እመኑኝ፣ ከአንድ ፎቶ የሚበልጥ ወጣትነት አላችሁ። ዛሬ ማታ ለአንድ ትልቅ ሰው ተናገሩ። የመጀመሪያው ሰው እንደ እኔ ቢሳሳት ወደ ሁለተኛው ሂዱ።

መደምደሚያ

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ፦ "ስልኩን ልቀማው ወይስ ልተወው?" ለሕፃን ልጅ ስልክ አለመስጠት ጥበብ ነው፤ ለታዳጊም ገደብ ማበጀት የወላጅ ሥራ ነው። ነገር ግን ስልኩ የተቀማ ልጅ በጓደኛው ስልክ ይገባል፤ ያን ጊዜ የሚደርስበትን አትሰሙም። ስልኩ እንዲሁ የተተወለት ልጅም ብቻውን ነው። ሦስተኛው መንገድ አብሮ መሆን ነው። ዘዳ. 6፥7 በቤት ስንቀመጥ፣ በመንገድም ስንሄድ ከልጆቻችን ጋር እንድንነጋገር ያዝዘናል። ዛሬ የልጆቻችን መንገድ በስልኩ ውስጥም ያልፋልና በዚያም አብረን እንሂድ።

በሉቃስ 15 የጠፋው ልጅ ለመመለስ የደፈረው የአባቱን ቤት ስላስታወሰ ነው። ልጆቻችን በጨነቃቸው ሌሊት ቤታችንን ሲያስታውሱ ምን ይታያቸዋል? ይህን ጥያቄ ዛሬ ማታ ከልጃችሁ ጋር ስትቀመጡ አስቡት።

ጌታ ቤታችሁንና ልጆቻችሁን ይባርክ።